ቸሬና የተዝካሩ ወይፈን

ቸሬ መኪና ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጦ አንጀቱ ያላረረ ሰው በአሽቀሎን የለም። ከሁሉ ይልቅ ያረርሁት ግን እኔ ነኝ፤ ትዕግሥት የሚባለው ነገር እናቴ ስትወልደኝ አብሮኝ አልወጣምና። አረንጓዴ መብራት ከሩቅ ሲያይ «እስክንደርስ ይቀየራል» ብሎ እግሩን ከነዳጁ ያነሣል። ቀዩ ሲበራ መቼ እንደቆመ ሳይታወቅ ቆሞ ይገኛል። ከኋላው ጥሩምባ የሚነፋበት መኪና ቢሰለፍ እስከ ባሕሩ ይደርሳል። እሱ ግን መስተዋቱን አየት አድርጎ፣ «የቸኮለ ይለፍ፣ መንገዱ የአባቴ ርስት አይደለም» ይላል።

ይህን የምጽፈው ላማው አይደለም። ላመሰግነው ነው። ፊት ለፊት ሳመሰግነው «ተይ እባክሽ ዘሪቱ» ብሎ ወሬ ይለውጥብኛል፤ ወረቀት ላይ ግን ወሬ የሚለውጥብኝ የለም።

ቸሬ የወገራ ሰው ነው። በጎረምሳነቱ ለአንድ እህል ነጋዴ አጋሰስ ይነዳ ነበር፤ ከጎንደር ጤፍና በርበሬ ጭኖ መተማ ይወርዳል፣ ከመተማ ሰሊጥ ይዞ ይመለሳል። በእኛ በቤተ እስራኤል ወገን ሰው ወይ ያርሳል፣ ወይ ይሸምናል፣ ወይ ብረት ይቀጠቅጣል እንጂ አጋሰስ ነጂ ብዙ አይገኝም። እሱ ግን ከሰው ይልቅ በቅሎ ይቀለኛል ባይ ነው። ቅዳሜ ከደረሰችበት ባለበት ጭነቱን አራግፎ ይውላል። ነጋዴው መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ በኋላ ግን የቸሬ ከብቶች ዐርፈው ስለሚነሡ በሳምንቱ መጨረሻ የሌላውን ቀድመው፣ ጀርባቸውም ሳይቆስል ሲገቡ አይቶ ዝም አለ።

በፈረንጆች 1984 በሱዳን በኩል እስራኤል ገባ። እኔም በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንገድ ነው የገባሁት። አሽቀሎን ሲሰጡን አንድ ሕንፃ ላይ ደረሰን፤ እሱ ከሚስቱ ከማናዬ ጋር ከላይ፣ እኔ ከልጆቼ ጋር ከታች። ፋብሪካ ገባ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ አሮጌ ተንደር፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነች የጭነት መኪና፣ ገዛ። ከዚያ ከጎረቤታችን፣ ከሞሮኮ ከመጣው በያጅ ጋር ሆኖ ከቁርጥራጭ ብረት ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ጋሪ ሠራ። እዚህ አጋላ ይሉታል። ሠርግ ሲሆን ዳስና አግዳሚ፣ ኀዘን ሲሆን ድስትና በርሜል፣ አዲስ የገባ ቤተሰብ ከካራቫን መጠለያ ወደ ፎቅ ሲዛወር ፍራሽና ቁምሳጥን፣ ሁሉን የሚያመላልሰው ቸሬ ሆነ።

መጀመሪያ የጫነው ዕቃ የእኔ ፍሪጅ ነበር። ወይ ጉድ!

ፍሪጁን ጋሪው ላይ ከፊት በኩል ሲያስቀምጠው የጋሪው ምላስ መጎተቻውን ኩላብ ተጫነውና የተንደሩ ወገብ ጎበጥ አለ። ቸሬ ይህን አይቶ አዘነ። ለመኪና አዘነ እኮ ነው የምላችሁ! «አጋሰስ በአንገቱ አይጫንም፣ ኀጢአት ነው» ብሎ ፍሪጁን ገፍቶ ገፍቶ ከጋሪው ጫፍ፣ ከኋላ አደረገው። መኪናዋ ቀና ስትል «አየሽ ደስ ሲላት!» አለኝ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋሪው እንደ ውሻ ጭራ መወዛወዝ ያዘ። ግራ ሲል መኪናዋን ወደ ቀኝ፣ ቀኝ ሲል ወደ ግራ ያንገላታታል። ፍሪጄ ወደቀና በሩ ተገንጥሎ አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። በያጁ መጥቶ ራሱን ይዞ ከሳቀ በኋላ ነገሩን አስረዳው፤ ከባድ ነገር ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት ይሁን፣ ጋሪው በጎታቹ ላይ በመጠኑ ይደገፍ፤ ከኋላ ከከበደ ጭራው ጭንቅላቱን ይመራል። ቸሬ ብዙ ቀን ሲያሰላስል ከርሞ፣ «ለካ ይሄ እንስሳ የሚሸከም በአንገቱ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ በጭነት አልተሳሳተም።

ሌላውን ግን ከአጋሰስ እንደተማረው ይዞት ቀጠለ። የተጫነ በቅሎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ይተነፍሳል፣ መቀነቻው ይላላል። ስለዚህ ነጂ መንገድ ከጀመረ በኋላ አንድ ቦታ ቆሞ እንደገና ያጠብቃል። ቸሬም ጋሪ ጎትቶ ሲወጣ ትንሽ እንደሄደ ይቆማል። ወርዶ ኩላቡን ይነቀንቃል፣ ሰንሰለቱን ያያል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ እያንዳንዱን ገመድ እንደ ክራር በጣቱ ይነካል። ወደ ኋላ መንዳት ሲለማመድማ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነው ያየው። ጋሪው ወደ ቀኝ እንዲሄድ መሪው ወደ ግራ መዞር አለበት። «ገባኝ፣ እንደ ዘሪቱ ነው፤ የምትፈልገውን ለማግኘት ተቃራኒውን መንገር ነው» ብሎ አሳቀብኝ።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ አባባ ባየ የመጡት በ1991፣ በዚያ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በገባበት ጊዜ ነው። እኔና እናቴ በሱዳን በኩል ስንወጣ እሳቸው ከታናናሾቼ ጋር ቀርተው ነበር። እናቴ ግን አልደረሰችም። ሌሊት ሌሊት ነበር የምንጓዘው፤ መንገድ መሪዎቹ ሽፍታ ፈርተው ያጣድፉናል። አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር አንዱ መንገድ መሪ በቅሎዋን በዱላ ሲመታት ዘለለችና እናቴ ወደቀች፣ ዳሌዋ ተሰበረ። የሚቆምልን አላገኘንም። አንሥተው በቅሎዋ ላይ በገመድ ጠፍረው አሰሯት። እስክንገባ ድረስ «ልጄ፣ ገመዱን አላሊልኝ» ትለኝ ነበር። አላላሁላትም፤ ብትወድቅ ማንም አይቆምም። ሱዳን መጠለያው በገባን በሳምንታት ውስጥ አረፈች። ቄስ አልነበረ፣ እንስሳ አልነበረ፣ ተዝካር ሳይወጣላት ሰባት ዓመት አለፈ።

አባቴ ቤቴ ገብተው ይህን ሁሉ ሲሰሙ አላለቀሱም። ብቻ፣ «ተዝካሯ ሳይወጣ ሥጋ በአፌ አይዞርም» አሉ። ተሳሉ ማለት ነው። የዛሬ ልጆች ስለት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ አባቴ ግን ከተሳሉ ተሳሉ ነው። የሱቁን ሥጋማ ቀድሞም አያምኑትም ነበር፤ ማን እንዳረደው አይታወቅም ይላሉ። ወንድሞቼ ሥራ እስኪይዙ፣ እኔም ጥቂት እስክሰበስብ ዓመት አለፈ። አባቴ እጅግ ከሱ። በአፍሪዳር ሰፈር በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ያለች ነርስ አይታቸው «ሰውዬው ጻሪኽ ሥጋ፣ ፕሮቲን» አለችኝ፤ ያስፈልጋቸዋል ማለቷ ነው። ሂጂ ለእሳቸው ንገሪያቸው!

በ1992 መከር ላይ ነገሩ ተሳካ። ቄስ ይፍሩ ከሌላ ከተማ ሊመጡልን ቃል ሰጡ፤ ዘመድ ከየአገሩ ተጠራ። ከአሽቀሎን ወጣ ብሎ ካለ ሞሻቭ፣ ከአንድ የገበሬዎች መንደር፣ አንድ ቀይ ወይፈን አገኘን። ከዚያ በኋላ የቀረው ማምጣቱ ነበር። ማምጣቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ለተዝካር የሚታረድ እንስሳ ነውር የሌለበት መሆን አለበት፤ ቄስ ይፍሩ ያነከሰ፣ የተሰበረ፣ የተጎዳ እንስሳ ላይ ቢላዋ አያነሡም። ሌላ ወይፈን የምንገዛበት አቅም፣ ያን ሁሉ ሰው ዳግመኛ የምንጠራበት ጉልበት አልነበረንም። አባቴም ሌላ ዓመት አይጠብቁም። በልቤ እንዲህ ነበር የማስበው፦ ወይፈኑ በአራት እግሩ ከገባ አባቴ ይበላሉ፣ እናቴም ታርፋለች፤ ካልገባ ሁለቱንም አጣኋቸው።

ለቸሬ ስነግረው «እሺ» ብቻ አለኝ። ሦስት ቀን ማታ ማታ ጋሪውን ሲያዘጋጅ ከረመ። ግድግዳውን በጣውላ ከፍ አደረገው። ሰኮናው እንዳያንሸራትት ወለሉ ላይ አሸዋ ከባሕር አምጥቶ አፈሰሰ፣ በላዩ ጆንያ አነጠፈ። ማናዬ ከሰገነቷ ሆና «ለእኔ እንኳ እንዲህ አልጋ አላነጠፍህልኝም!» ስትለው ሰፈሩ ሳቀ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ቄስ ይፍሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ አርደው፣ ጸልየው፣ ማታ በአውቶቡስ ሊመለሱ ነው። ስለዚህ በጠዋት ወጣን፤ ቸሬ መሪው ላይ፣ እኔ መሐል፣ አባቴ በመስኮቱ በኩል። ሞሻቩ ደርሰን ወይፈኑን ጋሪው ላይ ለማውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀን። ቸሬ አይጎትተው፣ አይገፋው። የጋሪው መወጣጫ ጣውላ ላይ ሣር እየበተነ ቆመ። የከብቶቹ ባለቤት እንኳ ሰልችቶት «ማሄር፣ ማሄር!» እያለ ሊያጣድፈው ዱላ ሲያነሣ ቸሬ ዱላውን ከእጁ ተቀብሎ አጥር ላይ አስቀመጠው። በመጨረሻ ወይፈኑ ራሱ ወጣ። ቸሬ ፊቱን ወደ መኪናዋ አዙሮ፣ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት እንዲቆም በአጭር ገመድ ከፊተኛው ብረት ጋር አሰረው። ገመዱ መተኛትም፣ ወደ ኋላ መሄድም አያስችለውም፤ መቆም ብቻ ነው።

አባቴ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «በጣም አላጠረም ወይ፣ ልጄ?» አሉ።

«ማጠር አለበት አባባ። ወደ ኋላ ካፈገፈገ ሁላችንንም ይጥለናል» አለ ቸሬ።

አባቴ ገመዱን አየት አድርገው መኪናዋ ውስጥ ገቡ።

ከሞሻቩ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ቸሬ እንደ ልማዱ ከብርቱካኑ እርሻ ዳር ቆመ። ወርዶ ኩላቡን ነቀነቀ፣ ገመዱን ነካ፣ ልኩ ነው አለ። ከዚያ እኔን ፍሬን እንድረግጥለት መሪው ላይ አስቀምጦኝ የጋሪውን የኋላ መብራት ሊያይ ሄደ። አባቴም ወርደው ነበር። በመስተዋቱ ሳያቸው እጃቸውን በጣውላው ላይ አሳልፈው የወይፈኑን አንገት ይደባብሳሉ። ደስ አለኝ፤ ተለማመዱ ብዬ።

«ቸሬ፣ በእናትህ ፍጠን! አኽሻቭ፣ አሁን፣ ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ ቄሱ ደርሰው ይሆናል» አልሁት ስንነሣ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ። ይኸን ተረት ለእኔ የሚተርተው በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው።

ዋናው መንገድ ላይ ወጣን። ቸሬ በቀኙ ጠርዝ፣ ከፊቱ ካለው መኪና በጣም ርቆ ይሄዳል። ክፍተቱን ያየ ሁሉ እየገባ ክፍተቱን ይሞላዋል፤ እሱ ደግሞ እንደገና ወደ ኋላ ይቀራል። እኔ በልቤ እንዲህ ከሆነ መቼም አንደርስም እላለሁ። ባሕር ዛፎቹ ካሉበት ቁልቁለት ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በግራ በኩል ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን። ነፋሱ ገፋን። ያን ጊዜ ከኋላችን ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የመኪናዋ ጀርባ ቀለል አለኝ፣ ወዲያው ጋሪው መወዛወዝ ጀመረ። ወይፈኑ ወደ ኋላ ሄዷል!

«ፍሬን! ፍሬኑን ያዘው!» ብዬ ጮህሁ።

ቸሬ ፍሬኑን አልነካም። እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብሎ አነሣና መሪውን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ያዘ። ጋሪው ወደ ግራ ሲወስደን አልተከተለውም፣ ወደ ቀኝ ሲወስደንም አልታገለውም። ብቻ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው የእስራኤልን አምላክ ይጠራሉ። መኪናዋ በራሷ እየዛለች፣ ጋሪውም እንደደከመው ልጅ መንፈራገጡን እየተወ ሄደ። ያኔ ነው ፍሬኑን ነካ ነካ አድርጎ ከመንገዱ ዳር ያቆመን። በኋላ እንደነገረኝ በዚያ ሰዓት ፍሬን ቢይዝ ኖሮ ጋሪው መኪናዋን ቀድሞ ተገልብጦ ነበር። እኔን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ወርደን ሮጥን። ወይፈኑ ከጋሪው ጫፍ ተንበርክኮ ወድቋል፤ አንድ የኋላ እግሩ ከሆዱ ሥር ገብቷል። ትንፋሹ ይሰማል። ቸሬ ገመዱን አነሣ። ገመዱ አልተበጠሰም። ተፈትቶ ረዝሞ ነው የታሰረው፣ ቋጠሮውም የቸሬ አልነበረም፤ አባቴ ጥጃ የሚያስሩበት፣ ከልጅነቴ የማውቀው ቋጠሮ ነው። ቸሬ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ገመዱን ጠቅልሎ ከአባቴ ዓይን ደበቀ።

«አንሣው! ጎትተህ አንሣው፣ ይመሻል!» አልሁት።

«ራጋ፣ ትንሽ ቆይ፣ ዘሪቱ። የደነገጠ ከብት ቢያነሡት ይሰበራል። ልቡ ይመለስለት፣ ራሱ ይነሣል።»

ከመንገዱ ዳር መሬት ላይ ተቀመጠ! ከጋሪው አጠገብ፣ ወይፈኑ በሚያየው ቦታ፣ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ እንደሚሞቅ ሰው። መኪናው ሁሉ እየጮኸብን ያልፋል። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰደበን፤ ከዕብራይስጥ ስድብ የማላውቀው ስለሌለ መለስሁለት። ሐብሐብ የጫነ አንድ ካሚዮን ግን ከኋላችን መጥቶ ቆመ፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ መንገዱን ከለለልን። ሹፌሩ ወፍራም ሽማግሌ ነው። ወርዶ ወይፈኑን አየ፣ ቸሬን አየ፣ «ማ ኮሬ ኻን?» አለ፤ ምን ሆነ እዚህ ማለቱ ነው። ቸሬ በተሰባበረ ዕብራይስጡ «ወድቋል፣ እስኪነሣ እንጠብቃለን» አለው። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ «ላአት ላአት»፣ ቀስ በቀስ፣ አለና ሲጋራውን ለኩሶ ከቸሬ ጎን ቆመ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። የትም ይኑር፣ ዕድሜ ይስጠው።

እኔ እዚያ ቆሜ ምን እንደሆንሁ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ። ንዴት መስሎኝ ነበር፤ ንዴት ግን አልነበረም። ያን ሌሊት፣ በዚያ ደረቅ ወንዝ፣ አንድ ሰው እንዲህ ቁጭ ብሎ «እስክትነሣ እንጠብቃለን» ቢልልኝ ብዬ ነው። ማንም አላለም። ይኸው ቸሬ ለወይፈን አለ።

ብዙ ቆየን። ወይፈኑ አንገቱን አነሣ፣ ቀጥሎ የፊት እግሩን ተከለ፣ ከዚያ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ቸሬ ጋሪው ላይ ወጥቶ እያነጋገረ ወደ ፊት መራውና በአጭሩ አሰረው። ካሚዮኑ መብራቱን እያበራ ከኋላችን እስከ ከተማው መታጠፊያ ሸኘን። እኔም አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ ማናዬ ይህን ስትሰማ «አላምንም» ብላለች።

ከሕንፃችን ጀርባ ያለው አሸዋማ ሜዳ ላይ ዳሱ ተተክሏል፣ ሰዉ ተሰብስቧል። ቄስ ይፍሩ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው ቆመው ይጠብቁናል። ቸሬ መወጣጫውን አወረደ። ወይፈኑ ወረደ፣ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለተኛውን ሲራመድ የኋላ ቀኝ እግሩን ጎተተ።

አነከሰ።

ቄስ ይፍሩ ቢላዋቸውን ወደ ሰገባው መለሱት።

«መንገድ ላይ ምን ገጠመው?» አሉ።

ቸሬ ወደ ፊት ወጣ። «የእኔ ጥፋት ነው ቄስ። ገመዱን በደንብ አላጠበቅሁትም። ወደ ኋላ ሄዶ ወደቀ።»

ቸሬ! ገመድ ያላጠበቀ! የሰማው ሁሉ በመገረም ተያየ። እኔ አፌን ልከፍት ስል አባቴ በትራቸውን ተደግፈው መሐል ገቡ።

«ተው ቸሬ፣ ውሸት አያምርብህም» አሉ። «የፈታሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው አጥብቆ አስሮት ነበር። ታስሮ እንዲሄድ አላስቻለኝም። እሷ ታስራ ነው የሄደች። አላሉልኝ እያለች ታስራ ነው የሄደች፤ እኔ አልነበርሁም። ዛሬ ስለ እሷ የሚሄደውን እንኳ ላላላለት ብዬ ነው።»

አባቴ ሲያለቅሱ ያን ቀን ገና አየሁ። ሰዉም አለቀሰ። ቄስ ይፍሩ ሕጉን መለወጥ አይችሉም፣ እኛም አንጠይቃቸውም።

ቸሬ ግን ተንበርክኮ የወይፈኑን እግር ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ይዳስስ ነበር። «ቄስ፣ አጥንቱ ደኅና ይመስለኛል። ከሥሩ አጥፎት ስለቆየ ደንዝዞ ይሆናል። ጥቂት ይታገሡን፣ ይራመድና ይዩት።»

«ፀሐይ ገና ናት» አሉ ቄስ ይፍሩ። «ይራመድ። ግን እየተመታ እንዳይሆን።»

አባቴ ገመዱን ተቀበሉ። ወይፈኑን እየመሩ በአሸዋው ላይ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሄዱ፤ ቸሬ በሌላው ጎን። የሰባ ዓመት ሽማግሌና የሚያነክስ ወይፈን፣ ሁለቱም እየጎተቱ። ሄዱ፣ ተመለሱ። እንደገና ሄዱ። ሴቶቹ ሁሉ ደረታችንን ይዘን እግሩን ብቻ እናያለን። እኔ የማውቀውን ጸሎት ጨርሼ አዲስ እፈጥር ጀመር። በስንተኛው ዙር እንደሆነ አላውቅም፣ ወይፈኑ ጭራውን ወዘወዘና እግሩን አነሣ፤ ጎትቶ ሳይሆን አንሥቶ አስቀመጠው። እንደገና አነሣው። ሲመለሱ በአራት እግሩ እኩል እየረገጠ ነው የመጣው፤ እንዲያውም አባቴን ይጎትታቸው ጀመር።

ቄስ ይፍሩ ግን በዚያ አልረኩም። ራሳቸው ሄደው ዳሌውን ዳሰሱ፣ ጉልበቱን አጠፉ፣ ሰኮናውን አነሡ፣ ድንጋይ ያለበት ቦታ ላይ አስኬዱት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው «አባ ባየ፣ ወይፈንዎ ሙሉ ነው» አሉ።

ሰዉ እልልታውን ሲያቀልጠው ተዝካር መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር።

ታረደ፣ ተባረከ፣ ጸሎቱ በግእዝ ተነበበ፣ የእናቴ ስም ከነአባቷ ስም ተጠራ። ያ ስም ከሰባት ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በጉባኤ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዳሱ ውስጥ ሁላችንም ስንቀመጥ የሥጋው ወጥ መጥቶ ከአባቴ ፊት ቀረበ። ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ነው። አባቴ ጠቀለሉና ወደ አፋቸው አልወሰዱትም፤ ወደ ቸሬ ዘረጉት። «በቅድሚያ ላንተ» አሉ። ቸሬ አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ፣ ጆሮው ቀላ። ቀጥለው ለራሳቸው ጠቀለሉ፣ አኘኩ፣ ዋጡ። ዓመት ተኩል ሥጋ ያልቀመሰ አፍ ቀስ ብሎ ነው የሚያኝክ። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘሪቱ።»

«አቤት አባባ።»

«እናትሽ ዛሬ ገባች።»

ቸሬ፣ ያ ለማንም ለምንም የማይቸኩለው ሰው፣ ትልቅ ሰው በበር ሲገባ እንደሚደረገው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ቆመ። ቄስ ይፍሩም አይተውት ተነሡ። ከዚያ ሁላችንም ተነሣን።